የድምፅ ማጉያ ወረቀትና ቅቡ
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ንባብ ለሚያውቁ ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

መምህራን ሆይ፥ ንባብ የምታውቁ ሽማግሎችም ሆይ፤ ይህ ትምህርት በራዲዮ ውስጥ ስላለችው ሾጣጣ ወረቀትና በእርስዋ ላይ ስለሚቀባው ቅብ የሚናገር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በመንደር ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ራዲዮ ብቻ ያለ እንደ ሆነ፥ የዚያች ወረቀት ጤንነት የአንድ ክፍል ልጆች ሁሉ ጆሮ ነው። ወረቀቲቱ ስትበላሽ ትምህርቱ ይቋረጣል፤ ያለ ዕውቀት ስትጠገን ደግሞ ከፊተኛው ይልቅ ትከፋለች። እኔም ይህን የተማርሁት ከራሴ ስሕተት ስለ ሆነ፥ አስቀድሜ ስሕተቴን እናገራለሁ።

፩ኛ፤ የትምህርቱ ምክንያት

የእኅቴ ልጅ በሰሜን ሸዋ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ነው። በአንድ ክረምት ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ የትምህርት ቤቱን ራዲዮ በፎጣ ጠቅልሎ አመጣልኝና፥ «አጎቴ፥ ድምፁ ታፍኗል፤ ጣራው አፍስሶበት ነበር። ለመስከረም አሠርተው ይላኩልኝ» አለኝ። እኔም ብከፍተው የድምፅ ማጉያው ወረቀት በእርጥበት ለስልሶ፥ በዳሩም ጥቂት ተቀድዶ አገኘሁት። ለሠራተኛ የሚከፈለውን ገንዘብ ላድን ብዬ፥ አናጢ ለጠረጴዛ የሚቀባውን ጎማላካ ገዝቼ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አወፍሬ ቀባሁት። ጠረጴዛን ያጠነከረ ቅብ ወረቀትንም ያጠነክራል ብዬ ነበርና።

በማግሥቱ ራዲዮውን ብከፍት ወረቀቱ እንደ ቆርቆሮ ጠንክሮ ነበር፤ ድምፁ ግን ቀጠነ፥ አነሰም። ድምፁን ከፍ ባደረግሁ ቍጥር ባትሪው ፈጥኖ አለቀ። አፍሬ ዕቃውን ይዤ ወደ መርካቶ ሄድሁ።

መርካቶ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ በተዛወረ ጊዜ የተመሠረተ ነው፤ ስሙም በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ሠፈሮቹ በሚሸጥባቸው ዕቃ ወይም በሌላ ምክንያት እየተሰየሙ እያንዳንዱ «ተራ» ይባላል። ዱባይ ተራ የሚባለውም ስሙን የወሰደው ከባሕር ማዶ ካለችው የንግድ ከተማ ነው። በዚያ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ራዲዮ የሚጠግን አንድ ወጣት አገኘሁ። ዕቃውን ከፍቶ ወረቀቱን በጥፍሩ መታ መታ አደረገና፥

«ጋሼ፥ ይህን ማን ቀባው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልሁት።

ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ ወረቀቱን እንደ ጠረጴዛ ቀብተውታል። ጠረጴዛ ግን ቆሞ የሚኖር ነው፤ ይህ በአንድ ሰከንድ ሺህ ጊዜ የሚመላለስ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ወንድሜ፥ ቅቡ ሊለቅ አይችልም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«በአልኮል ጥቂት ይለቅ ይሆናል፤ ወረቀቱ ግን አብሮ ይበጣጠሳል» ብሎ መለሰልኝ። በመጨረሻ ከተበላሸ ራዲዮ የወጣ፥ ስፋቱም ኦሙም እኩል የሆነ ሌላ ድምፅ ማጉያ ፈልጎ ገጠመልኝ፤ ዋጋውንም ከኪሴ ከፈልሁ። ዕቃው እስኪገኝ ድረስ ቀኑ ስላለፈ፥ ራዲዮው ወደ ትምህርት ቤቱ የደረሰው ትምህርት ከተጀመረ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። የዚያን ሳምንት ትምህርት ልጆቹ ያጡት በእኔ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከወጣቱ የተማርሁትንና ከዚያ ወዲህ በንባብና በፈተና ያረጋገጥሁትን ለሌሎች ጻፍሁ።

፪ኛ፤ ድምፅ ማጉያ እንዴት ይሠራል

ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። ከበሮ ሲመታ ቆዳው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይመላለሳል፤ ሲመላለስም አየሩን ይገፋል፥ ይስባልም፤ የተገፋው አየር ወደ ጆሯችን ይደርሳል። ይህ መመላለስ ንዝረት ይባላል። ጤነኛ ጆሮ በሰከንድ ከ20 ጀምሮ እስከ 20,000 የሚደርሰውን ንዝረት ይሰማል።

ድምፅ ማጉያ፥ በገበያ ቋንቋ እስፒከር የሚባለው፥ ኤሌክትሪክ የሚመታው ከበሮ ነው ብንል አንሳሳትም። በኋላው ማግኔት አለ። በማግኔቱ መካከል ባለው ጠባብ ቀለበት ውስጥ ከቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ኮይል ገብቷል። ኮይሉ ከሾጣጣው ወረቀት ጋር ተጣብቋል። ኤሌክትሪክ በሽቦው ውስጥ ባለፈ ጊዜ ማግኔቱ ኮይሉን ይገፋዋል፥ አቅጣጫው በተለወጠ ጊዜም ይስበዋል፤ ወረቀቱም አብሮ ይሄዳል። በኮይሉና በማግኔቱ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ስለ ሆነ፥ ጥቂት የቅብ ጠብታ እንኳ ቢገባበት ኮይሉ ተይዞ ይቀራል።

ይህ ዓይነት መሣሪያ ከመስፋፋቱ በፊት ድምፅ የሚሰማው በቀንድ ቅርጽ በተሠራ ጡሩምባ ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶርያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃሏን በፎኖግራፍ አስቀርጻ በላከች ጊዜ፥ ከዚያ ዓይነት መሣሪያ የሚወጣው ድምፅ በራሱ በድምፁ ጕልበት እንጂ በኤሌክትሪክ አልነበረም። ያለ ጡሩምባ በሾጣጣ ወረቀትና በኮይል የሚሠራውን ድምፅ ማጉያ አሠራሩን አጥርተው የጻፉት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የሚባሉ የአሜሪካ ሰዎች ናቸው፤ ዘመኑም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር 1925 ነው። በአገራችን የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ የተመረቀው ከዚያ አሥር ዓመት ዘግይቶ በ1927 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ድምፅን በእጅ ስልክ ቢሰማም፥ በራዲዮ፥ በቴሌቪዥንና በአደባባይ ማጉያ ውስጥ ያለው አሠራር ያው ነው።

፫ኛ፤ ወረቀት ስለ ምን ተመረጠ

ድምፅ የሚያወጣ ነገር ሦስት ጠባይ ያስፈልገዋል። አንደኛ፥ ቀላል መሆን አለበት፤ ከባድ ነገር ፈጥኖ አይመላለስምና። ሁለተኛ፥ ግትር መሆን አለበት፤ ልል የሆነ ነገር ኮይሉ ሲገፋው መካከሉ ሄዶ ዳሩ ይቀራልና። ሦስተኛ፥ ንዝረትን በራሱ ውስጥ ማብረድ አለበት፤ የማያበርድ ነገር እንደ ደወል ከተመታ በኋላ ማቃጨሉን ይቀጥላልና።

ብረት ግትር ነው፥ ነገር ግን ያቃጭላል። ጨርቅ ያበርዳል፥ ነገር ግን ልል ነው። ወረቀት ሦስቱንም ጠባዮች በመጠኑ አጣምሮ ይዟል። ዋጋውም ርካሽ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ የእንጨት ጭረት በውሃ ተበጥብጦ እንደ ቀጭን ገንፎ ይሆናል፤ ከዚያም በሾጣጣ ወንፊት ላይ ይሰፍራል፤ ውሃው ይወርዳል፥ ጭረቱም እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይቀራል፤ ከዚያ ተጭኖ ይደርቃል።

የወረቀት ጠላቱ ውሃ ነው። አየሩ እጅግ የረጠበ በሆነ ጊዜ ወረቀት ከክብደቱ ከመቶ አሥር የሚያህል ውሃ ከአየር ብቻ ሊጠጣ ይችላል። ያን ጊዜ ይከብዳል፥ ይላላልም። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በክረምት ወራት የከበሮ ቆዳ ላልቶ ድምፁ ሲደነቍር፥ ወደ ፀሐይ ወይም ወደ እሳት አጠገብ አቅርበው ሲያሞቁት ዳግመኛ ሲወጠር ሁላችንም አይተናል። የመሲንቆም ቆዳ እንዲሁ ነው። ብራና የሚያዘጋጅ ሰውም ቆዳውን ዘፍዝፎ፥ በእንጨት ወጥሮ፥ ፍቆ የሚያደርቀው፥ ቆዳ ሲረጥብ እንደሚለሰልስ ሲደርቅም ተወጥሮ እንደሚጠነክር ስለሚያውቅ ነው። ወረቀትና ቆዳ ዘራቸው ቢለይም በውሃ ፊት ጠባያቸው ይመሳሰላል።

፬ኛ፤ ቅብ የሚሠራው ሥራ

ቅብ በወረቀት ላይ አራት ሥራ ይሠራል። ከአራቱም መካከል የሚጠቅመውና የሚጐዳው አብረው ስለሚመጡ፥ አንዱን ብቻ መርጦ መውሰድ አይቻልም።

የመጀመሪያው ክብደት መጨመር ነው። ምሳሌ እናድርግ፤ የአንድ ትንሽ ራዲዮ ወረቀትና ኮይል በአንድነት 3 ግራም ይመዝኑ እንበል። የቀባነው ቅብ ደርቆ 1 ግራም ቢጨምር ክብደቱ 4 ግራም ይሆናል። ያው ኤሌክትሪክ ያንኑ ኃይል ሲሰጥ፥ ወረቀቱ የሚሄደው ቀድሞ ከሚሄደው ሦስት አራተኛውን ብቻ ነው። ድምፁን ወደ ቀድሞው መጠን ለመመለስ የሚያስፈልገው ኃይል የቀድሞው 16 ዘጠነኛ፥ ማለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ከባትሪው የሚወጣው ኃይል ለድምፁ ብቻ የሚውል ቢሆን፥ 9 ሰዓት ይሠራ የነበረው ባትሪ 5 ሰዓት ያህል ብቻ ይሠራል ማለት ነው። ባትሪ በገንዘብ ለሚገዛ ትምህርት ቤት ይህ ትንሽ ጕዳት አይደለም። የእኔም ባትሪ ፈጥኖ ያለቀበት ምክንያት ይህ ነበር።

ሁለተኛው ማጠንከር ነው። ወረቀቱ ልል የሆነ እንደ ሆነ ጥቂት ማጠንከር ይጠቅመዋል። ነገር ግን ከመጠን በላይ የጠነከረ ቅብ ወረቀቱን እንደ ቆርቆሮ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ድምፁ ይጮኻል፥ ጆሮንም ይወጋል።

ሦስተኛው ማብረድ ነው። ንዝረቱ ዝግ ባለ ጊዜ ወረቀቱ በሙሉ እንደ አንድ አካል ይመላለሳል። ንዝረቱ ፈጣን በሆነ ጊዜ ግን ከመካከል ተነሥቶ እንደ ማዕበል ወደ ዳር ይሄዳል፤ ዳሩ ላይ ደርሶም እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። የሚሄደውና የሚመለሰው ሲገናኙ አንዱ ድምፅ ከመጠን በላይ ይጐላል፥ ሌላው ይጠፋል። ስለዚህ ፋብሪካዎች በወረቀቱ ዳር ላይ የማይደርቅና የሚለጠጥ ቅብ ይቀባሉ፤ ማዕበሉ በዚያ ሰምጦ እንዳይመለስ ነው። የድምፅ ማጉያን ዳር በጣት ብትነኩት አንዳንድ ጊዜ የሚያጣብቀው ስለዚህ ነው፤ ቈሻሻ መስሏችሁ አትጥረጉት።

አራተኛው ውሃ መከላከል ነው። ለአገራችን ክረምት ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ይህ ነው።

በቅብ ቀላልን ነገር ማጠንከርና ከአየር መከላከል አዲስ ጥበብ አይደለም። በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያረፈው ፖቴዝ 25 የተባለው አውሮፕላን ክንፉ ጨርቅ የለበሰ ነበር። በዚያ ዘመን የአውሮፕላን ጨርቅ ተወጥሮ እንዲጸናና አየር እንዳያስገባ የሚቀባ ልዩ ቅብ ነበረው። ለድምፅ ማጉያ ወረቀት የሚደረገው ቅብም በእንግሊዝ አገር ሰዎች ዘንድ የሚጠራው በዚያው በአውሮፕላን ቅብ ስም ነው።

፭ኛ፤ በገበያ ስለሚገኙት ቅቦች

ነጭ ኮላ፤ አናጢዎች እንጨት የሚያጣብቁበት ነው። አንድ እጅ ኮላ በሦስት እጅ ውሃ ቀጥኖ ሲቀባ ወደ ጭረቱ ውስጥ ይገባል፤ ሲደርቅ በመጠኑ ያጠነክራል፥ በመጠኑም ያበርዳል። ሳይቀጥን ቢቀባ ግን ይከብዳል። ውሃ ሲነካው ጥቂት ይለሰልሳል እንጂ እንደ ዱቄት ማጣበቂያ ፈጥኖ አይሟሟም።

ጎማላካ፤ በህንድና በታይላንድ በዛፍ ላይ የምትኖር ላክ የምትባል ትንሽ ነፍሳት ከምታወጣው ሙጫ በአልኮል ተሟሙቶ የሚዘጋጅ ነው። እጅግ ያጠነክራል፤ ነገር ግን ተሰባሪ ነው። እጅግ ቀጥኖ አንድ ጊዜ ብቻ ቢቀባ የላላውን ወረቀት ሊረዳ ይችላል፤ ከወፈረ ግን እኔን ያገኘኝን ያገኛችኋል።

የጥፍር ቀለም፤ ከጥጥ ወይም ከእንጨት ጭረት በአሲድ ተሠርቶ በሚነድ ፈሳሽ የተሟሟ ቅብ ነው። ጥቂት ሠራተኞች ትንሽ ስንጥቅ ለመያዝ ይጠቀሙበታል። ለስንጥቅ ይሆናል፤ ለወረቀቱ ሁሉ ግን አይሆንም።

ሰም፤ ውሃን አጥብቆ ይከለክላል። ነገር ግን ይከብዳል፥ አያጠነክርም፥ በፀሐይም ይለሰልሳል።

የዱቄት ማጣበቂያና የግራር ሙጫ፤ ሁለቱም ሲደርቁ ያጠነክራሉ። ነገር ግን ሁለቱም እርጥበት ሲያገኙ ይለሰልሳሉ፤ ዱቄቱንም በረሮና አይጥ ይበሉታል። የግራር ሙጫ ለቀለም መበጥበጫ እጅግ የከበረ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይመችም።

ማስቲሽ፤ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት የሚለጠጥ ማጣበቂያ ነው። የተላቀቀውን ዳር ከብረቱ ጋር ለማያያዝ ይጠቅማል፤ በወረቀቱ ፊት ላይ ግን አይቀባም።

፮ኛ፤ ለተማሪዎች የሚሰጥ ፈተና

የሰው ቃል ሰምቶ ከማመን በእጅ ሠርቶ ማወቅ ይበልጣል። ስለዚህ መምህሩ ራዲዮውን ሳይነካ፥ አስቀድሞ በተራ ወረቀት ላይ ይህን ፈተና ያድርግ። እኔ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ራዲዮውን ባላበላሸሁት ነበር።

ከአንድ ዓይነት ደንዳና ወረቀት ርዝመታቸው 20 ሳንቲ ሜትር፥ ወርዳቸው 3 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ቍራጮች ይቈረጡ። በላያቸውም ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ፥ ሠ፥ ረ ተብሎ ይጻፍ። ሀ ምንም አይቀባ። ለ በውሃ ብቻ ይረስና ይድረቅ። ሐ በቀጭን የዱቄት ማጣበቂያ፥ መ በቀጠነ ነጭ ኮላ፥ ሠ በቀለጠ ሰም፥ ረ በውሃ በተሟሟ የግራር ሙጫ ይቀቡ። ሁሉም በጥላ አንድ ቀን ይድረቁ።

ሀ ያልተቀባበት ምክንያት ለሌሎቹ ዳኛ እንዲሆን ነው። ለ በውሃ ብቻ የተነከረበት ምክንያትም፥ ከቅቦቹ ሦስቱ በውሃ የተበጠበጡ ስለ ሆኑ፥ የውሃው ሥራ ከቅቡ ሥራ ተለይቶ እንዲታወቅ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው የውሃውን ጕዳት ለኮላው ይሰጣል።

ከዚህ በኋላ አራት ነገር ይለካ።

አንደኛ፥ ክብደት። በቀጭን እንጨትና በክር ትንሽ ሚዛን ይሠራ፤ በአንደኛው ወገን ቍራጩ፥ በሁለተኛው ወገን የስንዴ ቅንጣት ይደረግ። ስንት ቅንጣት እንደሚመዝን ይጻፍ።

ሁለተኛ፥ ግትርነት። ከቍራጩ 5 ሳንቲ ሜትሩ በጠረጴዛ ላይ በመጽሐፍ ተጭኖ 15 ሳንቲ ሜትሩ ከጠረጴዛው ውጭ ይንጠልጠል። ጫፉ ከጠረጴዛው ፊት ምን ያህል ዝቅ እንዳለ በማስመሪያ ይለካ። ብዙ የወረደው ወይ ልል ነው፥ ወይ ከባድ ነው፤ የትኛው እንደ ሆነ ከክብደቱ ጋር ተመልክቶ ይፈረድ።

ሦስተኛ፥ ማብረድ። በዚያው እንደ ተጫነ ጫፉ በጣት ወደ ታች ተጫን ተደርጎ ይለቀቅ፤ እስኪቆም ድረስ ስንት ጊዜ እንደ ተወዛወዘ ይቈጠር። ጥቂት የተወዛወዘው የበለጠ የሚያበርድ ነው።

አራተኛ፥ ውሃ መከላከል። አንድ ጠብታ ውሃ ይደረግበትና እስኪሰርግ ድረስ ይቈጠር። ከዚያም ቍራጮቹ ሁሉ ውሃ ባለበት በተከደነ ድስት ውስጥ፥ ውሃውን ሳይነኩ፥ አንድ ሌሊት ተንጠልጥለው ይደሩ። በማግሥቱ ክብደታቸውና ግትርነታቸው እንደ ገና ይለካ። ከትናንትናው ጥቂት ብቻ የተለወጠው ለክረምት የሚሆነው ነው።

እያንዳንዱ ልክ ሦስት ጊዜ ይደገም፤ አንድ ጊዜ የተለካ ነገር እጅ ሊያሳስተው ይችላልና። የተገኘውም ሁሉ፥ ያልተጠበቀው ጭምር፥ በመዝገብ ይጻፍ።

፯ኛ፤ በጆሮ ስለ መፈተን

ከተበላሹ ዕቃዎች የወጡ ሁለት እኩል ድምፅ ማጉያዎች የተገኙ እንደ ሆነ ሌላ ፈተና ይደረግ። አንዱ ይቀባ፥ ሁለተኛው ይተው። ሁለቱም በመጋረጃ ይሸፈኑ። የቀባው ሰው ቅቡ የተሻለ እንደ ሆነ አስቀድሞ ስለሚያምን ጆሮው ያዳላል፤ ስለዚህ የሚሰሙት ልጆች የትኛው እንደሚናገር አይወቁ።

የሚነበቡትም ቃላት በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ይሁኑ። ሰጠና ሸጠ፥ ሰማና ሸማ፥ ሳይና ሻይ፥ ሠራና ፈራ እነዚህን ይመስላሉ። ሰ፥ ሸ፥ ፈ የሚባሉት ፊደላት ድምፃቸው የሚለየው በፈጣን ንዝረት ነው፤ ወረቀቱ የከበደ ወይም የላላ እንደ ሆነ አስቀድመው የሚጠፉት እነርሱ ናቸው። ቃላቱ ተቀላቅለው ሃያ ጊዜ ይነበቡ፤ ልጆቹም የሰሙትን ይጻፉ፤ ከየማጉያው ስንት ስሕተት እንደ ተገኘ ይቈጠር። የስልክ መሐንዲሶች፥ በተለይም በአሜሪካ ሃርቬይ ፍሌቸር የተባለው ሊቅ፥ የስልክን ጥራት የመረመሩት በእንደዚህ ያለ መንገድ ነው።

«ድምፁ አማረ» ማለት ሚዛን አይደለም። መምህሩ በራዲዮ «ሸጠ» ብሎ ልጁ «ሰጠ» ብሎ ከጻፈ፥ ድምፁ ቢያምርም ትምህርቱ ጠፍቷል።

፰ኛ፤ የተቀደደውን ስለ መጠገን

ወረቀቱ ጥቂት የተቀደደ እንደ ሆነ ሁሉን መቀባት አያስፈልግም። አስቀድሞ ወረቀቱ በጥላ ፈጽሞ ይድረቅ፤ በእሳት አይድረቅ፥ ይጣመማልና። ከዚያ የሻይ ቅጠል የሚታሸግበት ቀጭን ከረጢት ተከፍቶ፥ ቅጠሉ ተራግፎ፥ ከቀዳዳው ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ቍራጭ ይቀደድ፤ በመቀስ ከመቍረጥ በእጅ መቅደድ ይሻላል፥ ዳሩ ሳስቶ ይጣበቃልና። በቀጠነ ነጭ ኮላ ከኋላ በኩል ይለጠፍ። አንድ ቀን ይቈይ። ዕቃው እየደረቀ ሳለ አይሰማ።

ከዳሩ ያለው ለስላሳ ስፖንጅ የተበላ እንደ ሆነ ግን ቅብ አያድነውም። ስፖንጅ በብርሃንና በእርጥበት በዘመን ብዛት የሚፈርስ ስለ ሆነ መለወጥ ያስፈልጋል። ኮይሉ የተቃጠለ እንደ ሆነም እንዲሁ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ዕቃውን ወደ ሠራተኛ መላክ ይሻላል፤ ሲላክም ስፋቱና በኋላው የተጻፈው ኦም፥ 4 ወይም 8፥ ተመዝግቦ ይላክ።

፱ኛ፤ ማስጠንቀቂያ

ጎማላካና የጥፍር ቀለም የሚሟሙበት ፈሳሽ እሳት የሚስብ ነው፤ በምድጃ ወይም በኩራዝ አጠገብ አይከፈት። ሽታውም ራስን ያዞራል፤ በተከፈተ መስኮት አጠገብ እንጂ በተዘጋ ክፍል አይሠራ። ልጆች እነዚህን አይንኩ፤ ከላይ የተነገረው ፈተናም ያለ እነርሱ የተዘጋጀው ስለዚህ ነው። ሰሙም በቀጥታ በእሳት ላይ ሳይሆን በሙቅ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይቅለጥ፤ ይህንም የሚሠራው መምህሩ ይሁን። ራዲዮ የሚከፈተው ባትሪው ወይም ኤሌክትሪኩ ከተለየ በኋላ ነው። ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ግን ከተነቀለ በኋላ እንኳ በውስጡ ኃይል ስለሚቀር፥ ያልተማረ ሰው አይክፈተው።

፲ኛ፤ ማጠቃለያ

ከሁሉ የሚሻለው ቅብ ዕቃው ከመበላሸቱ በፊት የሚደረገው ጥንቃቄ ነው። ራዲዮ ከሚያፈስ ጣራ በታች አይቀመጥ፤ በክረምት ከመሬት ከፍ ብሎ በደረቅ ጨርቅ ይሸፈን። መቀባት የግድ በሆነ ጊዜም ቅቡ ቀጭን ይሁን፤ ቀጭን ቅብ ሊደገም ይችላል፥ ወፍራም ቅብ ግን አይመለስም።

በዱባይ ተራ ያ ወጣት የተበላሸውን ማጉያ ሲመልስልኝ፥ «ጋሼ፥ አይጣሉት፤ ለልጆቹ ማሳያ ይሆናል» አለኝ። እኔም ለእኅቴ ልጅ ከራዲዮው ጋር አብሬ ላክሁለት። ዛሬ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩም «ሳይፈተን የተቀባ» ተብሎ ተጽፎበታል። የቀባው ሰው ስም አልተጻፈም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

፩፤ ድምፅ የሚያወጣ ነገር የሚያስፈልጉት ሦስት ጠባዮች ምን ምን ናቸው? ብረትና ጨርቅ የትኛው ጐደላቸው?

፪፤ ከበሮ በክረምት ድምፁ የሚደነቍረው ስለ ምን ነው? የራዲዮ ወረቀትስ በዚህ እንዴት ይመስለዋል?

፫፤ የወረቀቱና የኮይሉ ክብደት 4 ግራም ሲሆን ቅቡ 1 ግራም ቢጨምር፥ ድምፁን ወደ ቀድሞው መጠን ለመመለስ ኃይሉ ስንት እጅ መሆን አለበት?

፬፤ በፈተናው ውስጥ ለ የተባለው ቍራጭ በውሃ ብቻ የተነከረው ስለ ምን ነው?

፭፤ በጆሮ ፈተና ጊዜ ማጉያዎቹ በመጋረጃ የሚሸፈኑት ስለ ምን ነው?

፮፤ ከሰጠና ከሸጠ ሌላ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ አምስት ጥንድ ቃላት ፈልጋችሁ ጻፉ።